ደሴ ላይ ኳስ ይረዝማል፦ የአምስት ቀን የወሎ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017

ከላምበረት መናኸሪያ ስንወጣ ገና አልነጋም። የመንገዱን ነገር እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እየደወልኩ ሳጣራ አምሽቻለሁ። "ክፍት ነው፣ ና" ያለችኝ ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ እሷ የሰማችው ከጎረቤቷ ሹፌር፣ ሹፌሩ የሰማው ደግሞ ከሌላ ሹፌር ነው። ዘንድሮ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ወሬ የሚለቅመው እንዲህ ነው።

ሻንጣዬን የሞላው ልብስ አይደለም። አራት ራኬት፣ አንድ መረብና ስድስት ደርዘን የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነው። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ቡድን አቋቁሞ "አጎቴ ዕቃውን ያመጣል" ብሎ ቃል ገብቷል። ቃሉን የገባው እሱ፣ የሚከፍለው እኔ። በስልክ "ጠረጴዛውስ አለ?" ብዬ ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና "እሱ ይደርሳል" አለኝ።

ሁለተኛው ጉዳዬ ስልኬ ውስጥ ነው። ኒ ሺያሊያን የምትባል ሴት የተጫወተቻቸውን ግጥሚያዎች አውርጄ ይዣለሁ፤ ሐይቅ ከተማ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ላሳያቸው። ሰውዬው ማን እንደሆኑ ቅዳሜ እንደርስበታለን።

ደብረ ብርሃን ላይ ጣታችንን በሻይ ብርጭቆ አሞቅን። ጣርማ በር ዋሻውን ስናልፍ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ቁልቁል፣ ደብረ ሲና ቆሎ፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት። ሹራቤን ያወለቅሁት እዚያ ነው።

ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ነው። የኳሱን ካርቶን አይቶ ጠየቀኝ። መንገዱ ረጅም ነውና ስለ ኒ ሺያሊያን አጫወትኩት። (የስፖርቱን ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1963 ሻንጋይ ተወለደች። በ1983 ቶኪዮ ላይ ለቻይና ተሰልፋ በቡድንና በድብልቅ ጥንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1989 ወደ ጀርመን ሄደች፤ በ1991 ሉክሰምበርግ ገባች። ከዚያ ወዲህ የምትጫወተው ለሉክሰምበርግ ነው። በ1998 እና በ2002 በነጠላ የአውሮፓን ሻምፒዮና ወስዳለች። ኦሎምፒክ ላይ ስድስት ጊዜ ተሰልፋለች፤ ፓሪስ ላይ ስትጫወት 61 ዓመቷ ነበር።

"ስልሳ አንድ?" አለ። ቀጥሎ የመጣው ግን የጠበቅሁት ነው፦ "ታዲያ አገሯን ከድታለቻ።"

ከዚህ በኋላ አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ። ቻይናዊቷን ሁሉም ረሳት፤ ወሬው ሲፋን ሐሰን ሆነ። ነሐሴ 5 ቀን 2016 የፓሪስ ማራቶን ሊያልቅ ሲል ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ክርን ለክርን ተጋጭታ፣ በ3 ሰከንድ ቀድማ ለኔዘርላንድስ ወርቁን የወሰደችበትን ቀን ያላየ ሰው አልነበረም። አንዱ "ገፍታታለች" ይላል፤ ሌላው "መስመሩ የማን ነበር?" ይላል። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ "አዳማ ተወልዳ በአሥራ አምስት ዓመቷ በስደት የሄደች ልጅ ምን ታድርግ?" አለች። "አትሩጥ!" አላት አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮህኩት እኔ ነኛ።

ከፊታችን የተቀመጡ፣ ከሚሴ የሚወርዱ እናት ሻሻቸውን እያስተካከሉ ዞር አሉ። "እናንተ ልጆች፣ እኛ ዘንድ ጉዲፈቻ የሚባል አለ። የወለደችውም እናት ናት፣ ያሳደገችውም እናት ናት። ልጁ ሲጠነክር ውኃ የሚቀዳው ለማን ነው?"

"ለሁለቱም" አለ የፋብሪካው ልጅ፣ ፈራ ተባ እያለ።

"ከየት አምጥቶ? ባደረበት ቤት ነው የሚቀዳው።"

"እማማ፣ ይሄ እኮ የባንዲራ ነገር ነው።"

"ታዲያ ባንዲራ ቤት አይደለም?"

ቀጥለው ስለ ጡት ልጅ አወሩ። በአያታቸው ዘመን ደም ተቃብቶ ከደጋ የሸሸ፣ ዘመድ የሌለው ጎልማሳ ወደ መንደራቸው ይመጣል። የቤቱ አባወራ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አጠባውና ልጁ አደረገው፤ ርስትም ሰጠው። "ጢሙ ማር በማር ሆነ ይሉ ነበር" ብለው ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። ጢማም ሰው ጣት ሲጠባ እያሰብኩ ብዙ ኪሎ ሜትር ሄድኩ።

ከከሚሴ በፊት ፍተሻ ነበር። ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ፣ ሻንጣ መሬት ላይ። ወታደሩ ካርቶኑን ከፍቶ አንድ ኳስ አወጣና በሁለት ጣቱ ጫን አደረገው። "ምንድን ነው?" አለ። መልስ ከመስጠት ማሳየት ይቀላል ብዬ ራኬቱን አንስቼ ኳሷን አንጠር አንጠር አደረግኋት። "ስጠኝ እስቲ።" አምስት ላይ ወደቀችበት፤ እንደገና፣ ዘጠኝ። ተሳፋሪው ከኋላው ይቆጥርለት ጀመር። ሃያ አንድ ላይ ሲደርስ ራኬቱን በክብር መለሰልኝ። ከኋላችን የቆመው ሚኒባስ ጥሩንባውን ሲነፋ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ከሚሴ እናታችን ወረዱ። የጨፋ ሜዳ ከብት በከብት ነበር። ኮምቦልቻ የፋብሪካው ልጅ ወረደ፤ ሲሰናበተኝ "እኔ ግን አሁንም ከድታለች ባይ ነኝ" አለኝ፤ ወድጄዋለሁ። ሐረጎን ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፣ ሹራቤ ተመለሰች፣ ደሴ መብራቷን አብርታ ጠበቀችን።

ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ስለዚያ ጢማም ሰው አሰብኩ። የዓለም የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን በ2008 አንድ ደንብ አውጥቷል፤ ያኔ እንደወጣው፣ አገር የሚቀይር ተጫዋች ከ15 ዓመት በታች ከሆነ 3 ዓመት ይጠብቅ ነበር፤ ከዚያ ከፍ ሲል 5፣ ከዚያም 7። 21 ካለፈው ግን ለአዲሱ አገር በዓለም ሻምፒዮና መሰለፍ ጨርሶ አይፈቀድለትም ነበር። ኦሎምፒክ የሚመራው በራሱ ሕግ ነው። ደንቡ የወጣው ቻይና ውስጥ ቦታ ያጡ ተጫዋቾች በየአገሩ ፓስፖርት እየተሰጣቸው ውድድሩ የቻይናና የቻይና ሆኖ ስላስቸገረ ነው፤ ኒ ሺያሊያን ከደንቡ ብዙ ዓመት ቀድማ የገባች ናት። የከሚሴዋ እናት ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር? የወሎ ጡት አባት ዕድሜ አይጠይቅም።

ዓርብ፣ ጥር 16

እህቴ ቤት ቡና የሚጀመረው እንግዳው ዓይኑን ሳይገልጥ ነው። አቦሉ ጀባ ተባለ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ዱአ ተደረገ፣ የኔ ቁርስ እስከ በረካው ድረስ ቆየ። "አንተ ከስተሃል" አለችኝ እትዬ። ባለፈው ስመጣ "ወፍረሃል" ብላኝ ነበር፤ ሁለቱንም የምትለው በአንድ ዓይነት ሐዘን ነው።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። ልጅ ሆነን የቀበሌ መዝናኛ የነበረበት ቤት አሁን የስልክ መለዋወጫ ይሸጥበታል። አንድ ጠረጴዛ ነበረን፤ አረንጓዴ ቀለሙ መሃሉ ላይ ተልጦ እንጨቱ ይታይ ነበር። ሕጉ "አሸናፊ ይቆማል" ነው። ተራህን ለማግኘት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፈህ ትቆማለህ፤ ከተሸነፍህ በአምስት ደቂቃ ትወጣለህ። ጨዋታው እስከ 21 ነበር። በ2001 ወደ 11 ዝቅ ማለቱን ባውቅም እጄ አሁንም 21 ነው የሚጠብቀው፤ 11 ላይ ሲያልቅ ገበታው ሳይጠገብ የተነሳ ይመስለኛል።

እዚያ ያስተማሩን ሰውዬ ስማቸው እያለ ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ ቻይና" ይላቸው ነበር። በደርግ ጊዜ ቻይናዎቹ ከወልዲያ ወረታ ያለውን መንገድ ሲሠሩ (የላስታና የጋይንት ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል) የገልባጭ መኪና ረዳት ነበሩ። ጨዋታውን የለመዱት ጋሸና አካባቢ ከነበረው ካምፕ ነው። ስለዚህ ደሴ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ልጆች ራኬት የምንይዘው እንደ ሰላምታ ሳይሆን እንደ እስክሪብቶ፣ በሁለት ጣት ቆንጥጠን ነበር። ሌላ ቀበሌ ሄደን ስንጫወት "እናንተ ልትጽፉ ነው ልትጫወቱ?" ይሉናል። አሸንፈን እንመለሳለን። ሁልጊዜ አይደለም።

ኳስ ከጠረጴዛው ባለፈብን ቁጥር ጋሽ ቻይና "ደሴ ላይ ኳስ ይረዝማል" ይሉ ነበር። ማጽናኛ ይመስለኝ ነበር፤ እውነትም አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ 2.7 ግራም የምትመዝን ኳስ ደግሞ የምትኖረው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚይዛት ይቀንሳል፣ ስትሽከረከር ቁልቁል የሚስባት ኃይልም ይደክማል፤ ስለዚህ ትሄዳለች። እሳቸው ይህን በቁጥር አያውቁትም፤ ከጋሸና ብርድ ነው ያገኙት።

ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር አናጺ ቤት ገባን። "እሱ ይደርሳል" የተባለው ጠረጴዛ የሚደርሰው በኔ ገንዘብ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ልኩን ነገርኩት፦ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ52 ተኩል፣ ከፍታው 76 ሳንቲም፣ ለሁለት የሚከፈል። አናጺው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ኮምፔንሳቶውን አየ፣ እኔን አየ። "ኮምፔንሳቶ 2 ከ44 በ1 ከ22 ነው። ለምን በዚሁ አትጫወቱም?"

"ሕግ ነው።"

"ሕጉን ያወጣው ሰው ኮምፔንሳቶ ገዝቶ አያውቅም።"

ይህ ሰው ትክክል ነው። አንዱ ግማሽ 1.37 በ1.525 ነው፤ ሁለቱም ጎኖቹ ከኮምፔንሳቶው ወርድ ያልፋሉ። ከአንድ ሉህ አንዱን ግማሽ ለማውጣት ብትሞክር፣ ከቀሪው ቁራጭ ቀጥለህም ጥግ ላይ 15 ሳንቲም ይጎድልሃል። አናጺው መሬት ላይ በጠመኔ ሦስት ጊዜ ሥሎ ሦስት ጊዜ እዚያው ደረሰ። "ለአሥራ አምስት ሳንቲም ሦስተኛ ሉህ? ኃጢአት ነው። ልጥፍበታለሁ" አለ። ተለጠፈ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ ሲሞላ ነው የሚነሳው፣ ሳይሞላ ግን አልተነሳም ማለት አይቻልም፤ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ መናኸሪያውን ዞረ።

ጋሽ ቻይና ሰባ ሊሞላቸው ነው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ጣታቸው ግን ያው ነው። በሩ ላይ አይተው ወዲያው አወቁኝ፦ "አንተ ኳስ ሰባሪ! አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ሆነሃል።" በ1982 ዓ.ም. አንዲት ኳስ ረግጬ ሰብሬ ነበር። ያኔ ኳስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ይቅርታ የተደረገልኝ አይመስለኝም።

ምሳ አሳ ነበር፣ የሐይቁ። ባለቤታቸው ማሽላ እንጀራ ላይ አድርገው አቀረቡት። "ብላ፣ ይህ አሳ እንደኔ መጤ ነው፤ ከሌላ አምጥተው የለቀቁት ነው። አሁን የሐይቅ አሳ ይሉታል" አሉኝ። ቆይቼ ነው እሳቸውም የተወለዱት ዋድላ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ስልኩን አወጣሁ። "ራቅ አድርገህ ያዝልኝ" አሉ፤ ክንዴ እስኪደነዝዝ ራቅ አድርጌ ያዝኩ። መጀመሪያ ያሳየኋቸው የቶኪዮውን ኦሎምፒክ ነው። ኒ ሺያሊያን 58 ዓመቷ፣ ተጋጣሚዋ ደቡብ ኮሪያዊቷ ሺን ዩቢን 17። ልጅቷ ትዘላለች፣ ትመለሳለች፣ ትሰግራለች። አሮጊቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች።

"ግራኝ ናት እንዴ!" አሉና ሳቁ። ቀጥለው ስኒያቸውን አስቀመጡ። "እንደኛ ነው የያዘችው።"

አላልኩም ነበር፤ ራሳቸው እንዲያዩት ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ግራ እጇን ብቻ ይከተላሉ፤ አንዳንዴ የራሳቸው አውራ ጣት ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። ቆይተው "እግሯን አትጨርስም። የምታስሮጠው ሌላውን ነው። ጎማዋ ግን ምንድን ነው? ኳሱ ይወላገዳል" አሉ። ባለ ረጅም ጉጥ ጎማ ነው አልኳቸው፤ ጉጦቹ ኳሱ ሲያርፍባቸው ይታጠፋሉ፣ ኳሱን ይዘው አያሽከረክሩትም፤ ተጋጣሚ የላከው እሽክርክሪት ተገልብጦ ለራሱ ይመለስለታል። ልጅቷ በኃይል በመታች ቁጥር የሚመጣባት የራሷ ኃይል ነው። "ተንኮለኛ" አሉ፤ በእሳቸው አፍ ትልቅ ሙገሳ ነው።

4 ለ 3 ተሸነፈች። የፓሪሱንም አሳየኋቸው፤ ቱርካዊቷን አሸንፋ በቀጣዩ ዙር የዓለም አንደኛዋ ሱን ዪንግሻ 4 ለ 0 ስትጥላት። የተወለደችበት አገር ልጅ ናት የጣለቻት። አውቶቡስ ውስጥ የቀረውን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው፦ "ጋሼ፣ ይቺ ሴት አገሯን ከድታለች ይላሉ?"

አልመለሱልኝም። "አሁን የት ነው የምትኖረው?" አሉ።

"እዚያው ሉክሰምበርግ።"

"እስካሁን?"

"ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ባሏ ስዊድናዊ ነው፤ አሰልጣኟም እሱ ነው።"

"ቀረችላቸዋ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ስለ ካምፑ ያወሩልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ጋሸና ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ቻይናዎቹ ከሳጥን ሳንቃ ጠረጴዛ ሠርተው ድንኳን ውስጥ ይጫወታሉ። አንዱ፣ ስሙን በትክክል ጠርተውት የማያውቁት መካኒክ፣ ራኬት አስያዛቸው። ቋንቋ የለም፤ ጣታቸውን እየያዘ ያስተካክላል፣ ሲሳሳቱ ግንባራቸውን በኳስ መታ ያደርጋቸዋል። ሦስት ዓመት አብረው ተጫወቱ። "እዚህ ቅር፣ ሚስት እንፈልግልሃለን አልነው። አስተርጓሚው ሲነግረው ሳቀ። ልጅቷንም አስበንለት ነበር፤ ወላሂ፣ ቆንጆ ናት።" መንገዱ ወደፊት ሲገፋ ካምፑ ተነሳ። አንድ ጠዋት ሲመጡ ድንኳኑ የለም። ራኬቱን ጥሎላቸው ሄዷል። "ጎማውን አይጥ በላው። ከከመነዳሪ ቆርጬ ለጠፍኩበት፤ እናንተን ያስተማርኩት በሱ ነው። መንገዱ ቀረ፣ እሱ ሄደ።"

ሚኒባስ ውስጥ ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ስለ ከዳተኛ የምናወራው ሁልጊዜ በተለየችው እናት ወገን ቆመን ነው፤ ሰው የሚሸኝ አገር ስለሆንን ይሆናል። ጋሽ ቻይና የቆሙት በተቀባዩ ወገን ነው፤ እሳቸውን የሚያሳስባቸው ማን ሄደ ሳይሆን ማን ቀረ ነው። በዚያ ሚዛን ካየሁት ለአንድ ኦሎምፒክ ፓስፖርት ወስዶ በማግሥቱ የሚሰወር ሯጭ አለ፤ ከሦስት አሥርት ዓመት በኋላም የሉክሰምበርግ ሱቅ ውስጥ ዳቦ የምትገዛ ሴት አለች። ፌዴሬሽኑ ሁለቱን የሚለይበት መሣሪያ የለውም፤ የልደት ቀን ብቻ ነው ያለው።

ደግሞ የሚገርመው፦ የአሜሪካ ተጫዋቾች ቤይጂንግ ገብተው "የፒንግ ፖንግ ዲፕሎማሲ" የተባለው በሚያዝያ 1971 ነው፤ ጃንሆይ ቤይጂንግ ሄደው ማኦን ያገኙትም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ። የጋሸናው ድንኳን የዚያ ዓመት የልጅ ልጅ ነው።

እሑድ፣ ጥር 18

መብራት ጠፍቶ ዋለ። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔና ስምንት ልጆች ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ስንቀባ ዋልን። ጥቁር አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩን 2 ሳንቲም ነጭ መስመር። መስመሩን የማስመር ሥራ የተሰጣት አንዲት ልጅ ምላሷን አውጥታ እንደ ቁም ጸሐፊ ነው የሠራችው። የተለጠፈችውን ቁራጭ ሁለት ጊዜ ቀባናት፤ ቀለሙን እየጠጣች አስቸገረች።

እሷው ልጅ ናት ራኬቱን ገልብጣ "ለምንድን ነው አንዱ ፊት ቀይ ሌላው ጥቁር የሆነው?" ያለችኝ። ድሮ ሁለቱም ፊት አንድ ቀለም ይሆን ነበር። አንዱ ፊት የሚያሽከረክር ጎማ፣ ሌላው የማያሽከረክር፤ ተጫዋቹ ራኬቱን እጁ ውስጥ ያገላብጥና በየትኛው እንደመታህ አታውቅም። በ1986 ሁለት ቀለም ግዴታ ሆነ። ያን ጊዜ ጨዋታቸው ከተበላሸባቸው መካከል ዜንግ ዥዪንግ የምትባል የቻይና ብሔራዊ ቡድን ወጣት ነበረች። ራኬቷን ሰቀለች፤ በ1989 ልጆች ልታሠለጥን ቺሊ ሄደች፣ እዚያው ቀረች፣ የቤት ዕቃ ነጋዴ ሆነች፣ ታንያ ተባለች። በኮሮና ጊዜ ቤት ስትውል እንደገና መጫወት ጀመረች። ፓሪስ ላይ በ58 ዓመቷ ለቺሊ የመጀመሪያ ኦሎምፒኳን ተጫወተች፤ በሊባኖሳዊት ተሸንፋ በአንድ ጨዋታ ወጣች።

"በአንድ ጨዋታ?" አለ የእህቴ ልጅ፣ ቅር ብሎት።

"በአንድ።"

"ቻይናን ያሸነፈ የለም እንዴ ከሄዱት ውስጥ?"

አለ እንጂ። ሄ ዥሊ በ1987 ለቻይና የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ ጃፓናዊ አግብታ ኮያማ ቺሬ ተብላ በ1994 ሂሮሺማ ላይ በእስያ ጨዋታዎች የቻይናዋን ዴንግ ያፒንግን በፍጻሜው ጣለቻት። በ2010 ሞስኮ ላይ ደግሞ ሲንጋፖር ቻይናን አሸንፋ የሴቶች ቡድን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ የተሰለፉት ቻይና የተወለዱ ነበሩ። ሲንጋፖር ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ ቤይጂንግ ላይ በዚሁ ስፖርት ብር ስታገኝ ከ1960 ሮም ወዲህ የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳልያዋ ነበር። "ሮም? አበበ ቢቂላ?" አሉ በአንድ አፍ። አዎ፣ እሱ ራሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሲንጋፖር የሚሰማኝ አልተገኘም፤ ስለ ባዶ እግር ነው ያወራነው።

ሰኞ፣ ጥር 19

ጠረጴዛውን በጋሪ ወሰድነው። ባለጋሪው "የማን ሬሳ ሳጥን ነው?" አለ፤ እትዬ አማተበች።

ልጆቹ ክፍል ጨርሰው ሲወጡ መረቡን ሰቀልን። አራት ራኬት፣ ሃያ ሦስት ልጅ፤ ወዲያው ግድግዳው ላይ ተራ ያዙ፣ ወዲያው "አሸናፊ ይቆማል" ተባለ። ማንም አላስተማራቸውም። ኳሱ ያቺ የተለጠፈች ቁራጭ ላይ ሲያርፍ እንደማይነጥር የታወቀው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። "ይደገም! ይደገም!" የሚል ጩኸት ተነሳ፤ እኔም የአናጺውን ስም እያነሳሁ አጉረመረምኩ።

ጋሽ ቻይና ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረሱ። ለጉልበታቸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው፤ "ከዚያው አልፌ ልይ ብዬ ነው" አሉ፤ ከረባት ግን አስረዋል። ልጆቹ ወንበር አመጡላቸው፤ አልተቀመጡም። ራኬቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ፣ አንዱን መረጡ፣ እጀታውን በሁለት ጣት ቆነጠጡት። መስመር ያሰመረችው ልጅ ወዲያ ማዶ ቆመች።

የመጀመሪያው ሰርቭ ከጠረጴዛው አልፎ አጥሩ ሥር ገባ። ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጡ።

"ደሴ ላይ ኳስ ይረዝማል" አሉ፤ "ሐይቅ ቁጭ ብዬ ረሳሁት።"

ሁለተኛው መረብ ነካ። ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩት። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ እንደ ከብት ገዢ፤ እጃቸው ጥጓ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጣታቸው ሁለቴ ኳ ኳ አደረጓት፣ አናጺው የለጠፋትን። ምንም አላሉም። ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሦስተኛው ኳስ በሰያፍ ሄዶ ቁራጯ ላይ አረፈ። አልነጠረም።

ልጅቷ ራኬቷን እንደዘረጋች ቀረች። "ይደገም!" አሉ ልጆቹ።

"ምን ይደገማል?" አሉ ጋሽ ቻይና። "አንድ ለዜሮ።"